የኔትወርክ ኬብል አመራረጥና የኮኔክተር አገጣጠም፣ ጅማ ላይ እንደሚሠራው

ሲመሽ የሚተኛ ካሜራ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ቦሳ አዲስ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ካሜራ ገጠምኩ። ቀን ቀን ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ግን የበሩ ካሜራ ድርግም ይላል፣ ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል፣ እንዲሁ እያለ ያነጋል። የግቢው ዘበኛ «ልጄ፣ ይኼ ካሜራህ ከኔ በፊት ነው እኮ የሚተኛው» ብለው ሳቁብኝ። ካሜራውን ቀየርኩት፣ ያው ነው። ስዊቹን፣ ማለትም ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማገናኛ ሣጥን ቀየርኩት፣ ያው ነው። የቀረኝ ኬብሉ ነበር፤ ጫፉን ቆርጬ አንዷን ሽቦ በምላጭ ስፍቃት ውስጧ ነጭ ሆነ። አሉሚኒየም! ላዩን ብቻ መዳብ የለበሰ። ካሜራው ኃይል የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብል ነው፤ ሲመሽ የጨለማ ማያ መብራቱን ያበራል፣ ያኔ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ 70 ሜትር የተዘረጋው አሉሚኒየም ደግሞ ያንን ኃይል መንገድ ላይ ይበላዋል። ኬብሉን መርጬ የገዛሁት እኔው ነበርኩ፣ ርካሽ ነዋ።

ሙሉውን መስመር በራሴ ኪሳራ አውጥቼ እንደገና ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው።

የያዛችሁት ገመድ ምንድን ነው?

ቤትና ሱቅ ውስጥ የምታገኙት የመዳብ ገመድ ሦስት ዓይነት ነው። ሁለቱን ቶሎ እንለፋቸው።

አንደኛው የስልክ ሽቦ ነው። ቀጭን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ይሠራል፣ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ አርጄ 11 ትባላለች። በመደበኛ ስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው ቤት ከግድግዳው እስከ ሞደሙ እሷን ነው የሚጠቀመው። አርጄ 11 ጠባብ ስለሆነች በትልቁ የኔትወርክ ቀዳዳም ትገባለች፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ የግራና የቀኝ ጎኗ ፕላስቲክ ዳር ያሉትን ሁለት ፒኖች ተጭኖ ሊያጣምማቸው ይችላል። ስለዚህ ገባ ብላችሁ አትሰኩ።

ሁለተኛው ኮአክሲያል ነው። ከጣራ ላይ ዲሽ የሚወርደው ወፍራም ገመድ ማለት ነው፤ መሐሉ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ፣ በላዩ የተሸመነ የሽቦ መረብ። የዲሹ አርጂ 6 ሲሆን የሚጠመዘዝ ኤፍ ኮኔክተር (ኮኔክተር ማለት የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ራስ ነው) ይገጠምለታል። የድሮዎቹ ካሜራዎች የሚጠቀሙት አርጂ 59 ደግሞ ቢኤንሲ የሚባለውን፣ ገፋ አድርጎ ሩብ ዙር የሚቆለፈውን ራስ ይወስዳል። ሁለቱም 75 ኦም ናቸው። በአንድ ወቅት ኮምፒውተርም በኮአክሲያል ይያያዝ ነበር፤ አርጂ 58 በሚባል 50 ኦም ገመድ፣ እስከ 185 ሜትር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መዝጊያ ተደርጎበት፣ መሐል ላይ አንዱ ሰው የገመዱን ራስ ከነቀለ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ በሙሉ ቀጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በተገመደ ሽቦ የሚሠራው ደረጃ ሲወጣ ያ ጣጣ አበቃ። ዛሬ ለኮምፒውተር ብሎ ኮአክሲያል የሚዘረጋ የለም። ሆኖም ከአሮጌ ዕቃ መሐል አርጂ 58 ካገኛችሁ ለካሜራ አትጠቀሙበት፣ የገመዱ ራስ ቢመሳሰልም ኦሙ አይገጥምም።

ሦስተኛው የዛሬው ጉዳያችን ነው፤ ስምንት ሽቦ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተገመዱ፣ አራት ጥንድ። ሱቅ ላይ «የኔትወርክ ኬብል» ወይም «ዩቲፒ» ስትሉ የሚወጣላችሁ እሱ ነው።

ለምን ተገመደ? ይህን ሳትረዱ ወደ ቀለሙ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ሽምደዳ ይሆንባችኋል። ዘዴውን አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ ብሎ ነው የፈጠራ መብት ያወጣበት። አንዱ ጥንድ ላይ ያለው መልእክት የሚነበበው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ፣ ለምሳሌ አጠገቡ ካለ የመብራት መስመር፣ ሁለቱ አብረው ስለተገመዱ እኩል ይመታቸዋል፤ እኩል የተመታው ነገር ልዩነቱ ላይ አይታይም፣ ይጣፋል። አራቱ ጥንዶች እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ደግሞ የአንዱ ግምድ ጠበቅ፣ የሌላው ላላ ተደርጎ ይሠራል። ኬብል ልጣችሁ ብታዩት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እንግዲህ ግምዱን ከመጠን በላይ የፈታ ሰው ኬብሉን ያበላሸው በገዛ እጁ ነው።

ካት ስንት ልግዛ?

ካት ማለት የኬብሉ ደረጃ ነው። ለመኖሪያ ቤት፣ ለካፌ፣ ለትንሽ ቢሮ ካት 5ኢ ይበቃል። ጊጋቢት፣ ማለትም በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት ፍጥነት፣ እስከ 100 ሜትር ይሸከማል። ያለ «ኢ» የሆነው የድሮው ካት 5 ከተገኘ ተዉት፣ ብር አታውጡበት።

አዲስ ቤት የሚሠራ፣ ግድግዳ ውስጥ ቱቦ አስቀብሮ የሚዘረጋ ሰው ካት 6 ይግዛ። ግድግዳ ሁለት ጊዜ አይሰበርም። ካት 6 እስከ 250 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ ጊጋቢቱን ያለ ጭንቅ ይወስዳል፣ አጭር ከሆነ ማለትም 55 ሜትር አካባቢ ድረስ 10 ጊጋቢትም ይችላል። 10 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር የሚፈልግ ካት 6ኤ ያስፈልገዋል፣ እሱ ግን ወፍራምና ግትር ነው፣ ትንንሽ ቱቦ ውስጥ ይጨናነቃል፣ ጅማ ላይ ለማን እንደምገጥመው እስካሁን አላውቅም።

ካት 7 እና ካት 8 እያሉ ሊያስደምሟችሁ የሚሞክሩ ሻጮች አሉ። ካት 7 የራሱ የተለየ ኮኔክተር ያለው ደረጃ ነው፣ ተራ አርጄ 45 (የተለመደው ባለ ስምንት ፒን ራስ) ተገጥሞለት ሲሸጥ ከካት 6ኤ የሚበልጥበት ነገር አታገኙም። ካት 8 ደግሞ ለዳታ ሴንተር የተሠራ፣ ሙሉ ፍጥነቱን 30 ሜትር ድረስ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሳሎን ውስጥ ለፊልም ማያ ካት 8 መግዛት ለአንድ ሲኒ ቡና በርሜል ውሃ ማፍላት ነው።

ሌላው ጥያቄ ሽፋኑ ነው። ዩቲፒ ምንም መከላከያ የለውም፣ ኤፍቲፒ በአራቱ ጥንድ ላይ አንድ ብልጭልጭ ፎይል አለው፣ ኤስቲፒ ሲባል ደግሞ መረብ ወይም ለየጥንዱ ፎይል ይጨመራል። ፎይል ያለው ይሻላል ብላችሁ አትሩጡ። ፎይሉ የሚሠራው በብረት የለበሰ ኮኔክተር ተይዞ ወደ መሬት መስመር (ኧርዝ) ሲወርድ ነው። የመሬት መስመር በሌለበት ቤት ፎይሉን በፕላስቲክ ኮኔክተር መግጠም ለከንቱ ነው፣ አንዳንዴም ፎይሉ ራሱ እንደ አንቴና ረብሻ ይለቅማል። የብረት ሥራ ቤትና ወፍጮ ቤት ካልሆነ በቀር እኔ ዩቲፒ ነው የምዘረጋው።

መርካቶ ስትወርዱ

የጅማ መርካቶ ውስጥ ኬብል የሚሸጡ ሱቆች ሁለት ዓይነት ሳጥን ያወጡላችኋል፣ ሁለቱም ላይ ካት 6 ተብሎ ተጽፏል፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ርካሹ ብዙውን ጊዜ ሲሲኤ ነው፤ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም። ሻጩ ሁልጊዜ እያወቀ ይዋሻል አልልም፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን አምኖ የገዛም አለ። እናንተ ግን መፈተሽ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የኬብሉን ልብስ አንብቡ። በየሜትሩ የሚደጋገም ጽሑፍ አለ፣ ካት ስንት እንደሆነ፣ የሽቦው ውፍረት 23 ወይም 24 እንደሆነ፣ ስንተኛው ሜትር ላይ እንዳላችሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፣ ካት 6 ብዙውን ጊዜ 23 ነው፣ ካት 5ኢ 24። ሲሲኤ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ከታዩ ጨዋታው አለቀ። ካልታዩ ግን አላለቀም።

ቀጥሎ ፍቀት። ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጫፉን ቆርጣችሁ አንዷን ሽቦ ፋቁ። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ነጭ ብልጭ ካለ መልሱለት።

ክብደትም ይናገራል። ሙሉ ሳጥን 305 ሜትር ነው። ባለ 24 ሽቦ ከሆነ ስምንቱ ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ፕላስቲኩና ካርቶኑ ሲጨመር ከ8 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሳጥኑ ተመዝኖ 5 ወይም 6 ኪሎ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ወይም ሜትሩ ጎድሏል። ሚዛን ደግሞ ጅማ ላይ አይጠፋም። እኔ አንዴ ጎረቤት ካሉ የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ ባለሱቁ አኮረፈ፣ ነጋዴው ሐጂ ግን «ቡናውንስ ሳንመዝን መቼ ገዝተን እናውቃለን» ብለው አስታረቁን።

ሙልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ከሁሉም የተሻለ ማረጋገጫ አለው። ለምሳሌ 100 ሜትር የተረፈ ኬብል ካላችሁ አንዱን ጥንድ በአንዱ ጫፍ አገናኙት፣ በሌላኛው ጫፍ ኦሙን ለኩ። ባለ 24 ንጹሕ መዳብ ከ17 እስከ 19 ኦም አካባቢ ይሰጣል። 26ና 27 ካለ ያ የእኔ የሚተኛ ካሜራ ኬብል ነው።

አሉሚኒየሙ ለአጭር ርቀት፣ ለአንድ ኮምፒውተር፣ ይሠራል፤ አይሠራም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ኮኔክተሩ የነከሰበት ቦታ ከጊዜ ጋር ይላላል፣ ፒኦኢ ማለትም መብራቱን በዚያው በኔትወርክ ኬብል የሚልክ ዕቃ ሲሰካበት ደግሞ ይሞቃል። ፒኦኢ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 15.4 ዋት ነበር፣ በ2009 ወደ 30 ዋት ወጣ፣ የ2018ቱ ደረጃ 90 ዋት ድረስ ይልካል። ይህን ሁሉ በአሉሚኒየም ላይ መጫን ደግ አይደለም።

ኮኔክተሩንም እዚያው ግዙ

ሰው ኬብል መርጦ መርጦ ሲያበቃ ኮኔክተሩን «አንድ ፍሬ ስንት ነው» ብሎ ከየትም ያፍሳል። ግማሹ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። አርጄ 45 የሚባለው ባለ ስምንት ፒን ራስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የካት 6 ሽቦ ከነፕላስቲኩ ወፈር ይላል፣ በካት 5ኢ ኮኔክተር ቀዳዳ ለማስገባት ስትታገሉ ስምንተኛው ይቀራል ወይም ሁለቱ ቦታ ይቀያየራሉ። የካት 6 ኮኔክተር ፊት ለፊት ስታዩት ቀዳዳዎቹ አንድ ከፍ አንድ ዝቅ ብለው የተደረደሩ ናቸው፣ አንዳንዱም ሽቦዎቹን ቀድማችሁ የምትሰኩበት ትንሽ ፕላስቲክ ይመጣለታል። እንዳትጥሏት፣ ትርፍ ዕቃ አይደለችም።

ሁለተኛው ልዩነት ጥርሱ ነው፤ ኮኔክተሩ ውስጥ ሽቦውን የሚነክሰው ብረት ማለት ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚዘረጋው ኬብል ሽቦው ድፍን፣ አንድ ወጥ ነው። ከግድግዳው ወደ ኮምፒውተር የሚመጣው ተጣጣፊው አጭር ኬብል ግን እያንዳንዱ ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። ለባለ ክሩ የተሠራ ጥርስ መሐሉን ወግቶ ይገባል፣ ድፍኑን ግን ሊስተው ይችላል። ለድፍኑ የተሠራው ሽቦውን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ይይዛል። ስትገዙ ለድፍን ወይም ለሁለቱም የሚሆን በሉ።

ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ሽቦው በፊት በኩል አልፎ የሚወጣበት ኮኔክተርም አለ። ለጀማሪ አሪፍ ነው፣ ቀለሙን ከመንከስህ በፊት ታየዋለህ። ግን የወጣውን የሚቆርጥ ምላጭ ያለው የራሱ ክሪምፐር (ኮኔክተሩን ኬብሉ ላይ የሚነክስ ጉጠት) ይፈልጋል፤ በተራው ክሪምፐር ከነከሳችሁት የወጡት ሽቦዎች ፊት ለፊት እንደ ጺም ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ እርስ በርስም ይነካካሉ።

አዘረጋግ

መስመሩን በእግራችሁ ለኩ። ከስዊች እስከ ዕቃው 100 ሜትር ነው ጣሪያው፤ ከዚያ ውስጥ 90ው ቋሚው፣ 10ሩ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት አጫጭር ኬብሎች። ሽቅብና ቁልቁሉን መቁጠር አትርሱ፤ ጂ ፕላስ 2 ቤት ውስጥ ኮርኒስ ለኮርኒስ ሲሄድ 30 ሜትር ያላችሁት 45 ይሆናል። አንድ ነጥብ ላይ ሁለት ኬብል ሳቡ። አንዱ አንድ ቀን በአይጥ ይበላል።

ስትስቡ አትታገሉት። እስከ 11 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ነው መሳብ ያለበት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግምዱ ይለጠጣል። ቱቦው ውስጥ ሲነክስ አንድ ሰው ከወዲያ እየገፋ ሌላው ይሳብ። ማዕዘን ላይ እንደ ወረቀት አትጠፉት፣ ጥምዙ ቢያንስ የኬብሉን ውፍረት አራት እጥፍ ያህል ሰፋ ይበል። ማሰሪያውን ደግሞ ኬብሉ እስኪጨመቅ አታጥብቁት።

ከመብራት መስመር 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ በተለይ ከእንጀራ ምጣድ መስመር። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀልኛ ይለፍ እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ። ያንድ ካፌ ባለቤት «ኢንተርኔቱ የሚሞተው እንጀራ ስንጋግር ነው» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኬብሉ ከምጣዱ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ወርዶ አገኘሁት።

አሁን ወደ ዝናቡ። ጅማ ውስጥ ክረምት ብቻ አይደለም የሚዘንበው፣ በልጉም አለ፣ ሲጀምርም አይለቅም። ግራጫውን የቤት ውስጥ ኬብል በቆርቆሮ ጣራ ላይ የዘረጋ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ፀሐይ ልባሱን ትሰነጥቀዋለች፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ ባለበት አይቀመጥም፣ በኬብሉ ውስጥ እየተንሸራተተ ስዊቹ ድረስ ይወርዳል። ለውጭ ጥቁሩን፣ ለፀሐይ የተሠራውን የውጭ ኬብል ግዙ፤ ውስጡ ጄል ያለው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ እጅ ያጨቀያል እንጂ። ኬብሉ ወደ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሽቅብ ይመለስ፤ ውሃው ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ቤት አይገባም። ቀዳዳውንም ከውጭ ወደ ውስጥ ሽቅብ አዘንብላችሁ ብሱት።

ሁለት ቤት በመዳብ ማያያዝን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፤ አታድርጉት። ጅማ መብረቅ የሚበዛበት አገር ነው፣ ከቤት ቤት የተዘረጋ መዳብ መብረቁ አጠገብ ሲወድቅ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። በፋይበር ወይም በአየር (ያለ ገመድ) አገናኙ። የግድ መዳብ ከሆነ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ግጠሙ፣ እሱም ቢሆን የመሬት መስመር ከሌለው ጌጥ ነው።

የኬብሉን ራስ መግጠም

ክሪምፐር፣ ስለታም መቁረጫ፣ ቴስተር (የኬብል መፈተሻ)፣ ጥሩ ብርሃን ያዙ። ችኮላ አትያዙ።

ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የጎማ ቆብ የምታደርጉለት ከሆነ አሁን አስገቡት፤ ኋላ ታስታውሱታላችሁ፣ ያኔ ግን ረፍዷል። ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ልባሱን ላጡ። ምላጩን ዙሪያውን ዞር አድርጉት እንጂ አትጫኑት፣ ከዚያ ልባሱን እጠፍ ስታደርጉት ራሱ ይቀደዳል። ውስጥ ያለ ክር ካገኛችሁ ልባሱን መቅደጃ ነው። ሽቦዎቹን እዩ፣ አንዷ ላይ እንኳ ጭረት ካለ ቁረጡና ከአዲስ ጀምሩ። ካት 6 ውስጥ መሐል ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ አለ፣ እሱን ከሥሩ ቁረጡት።

ጥንዶቹን ፍቱ፣ በጣታችሁ እያሻችሁ ቀጥ አድርጓቸው። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ይደርደሩ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ይህ ቲ568ቢ ይባላል። ቲ568ኤ የሚባለው ብርቱካናማው ጥንድና አረንጓዴው ጥንድ ቦታ የተቀያየሩበት ነው፣ ሌላው ያው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ በሆነው ቂጦ ፉርዲሳ የሚማሩ ልጆች ለልምምድ አብረውኝ ሲወጡ እንዲህ አስይዛቸዋለሁ፤ ሰማያዊው ምንጊዜም መሐል ነው፣ ቡኒው ምንጊዜም መጨረሻ ነው፣ ቡና ከምግብ በኋላ ነዋ። የቀረው ብርቱካናማ ይቅደም ወይስ አረንጓዴ የሚለው ብቻ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የትኛውም። ሁለቱም ጫፍ አንድ ይሁን እንጂ። በአንዱ ጫፍ ኤ፣ በሌላው ቢ የተደረገ ኬብል ድሮ ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ ለማያያዝ ይሠራ ነበር፤ የዛሬ ዕቃዎች መስመሩን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ አያስፈልግም። እኔ ሁሌም ቢ ነው የምሠራው፣ ሌላ ሰው የጀመረው ቤት ውስጥ ስገባ ግን እሱ የተጠቀመውን እከተላለሁ።

የተደረደረውን በጣታችሁ አጥብቃችሁ ያዙና ከልባሱ እስከ ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲቀር በአንድ ቁርጥ እኩል አድርጉት። ኮኔክተሩን ምላሱ (የሚቆለፈው ፕላስቲክ) ወደ መሬት፣ ወርቃማዎቹ ፒኖች ወደ ላይ፣ የሽቦው መግቢያ ወደ እናንተ እንዲያዩ ያዙ፤ አንደኛው ፒን በግራ በኩል ነው። ግፉ። እስኪነካ ግፉ። ፊት ለፊቱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ስምንቱንም የመዳብ ጫፎች ቁጠሩ። ልባሱም ኮኔክተሩ ውስጥ መግባት አለበት፣ ፕላስቲኩ ሲነከስ ልባሱን ነው መያዝ ያለበት። ቀለማት ከኮኔክተሩ ውጭ የሚታዩበት ኬብል ካያችሁ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሳብ ይበጠሳል። አሁን ክሪምፐሩን እስከ መጨረሻው ጨብጡ። አንዴ የተነከሰ ኮኔክተር አይመለስም፣ ከተበላሸ ቆርጦ መጣል ነው፤ ለዚህ ነው ጫፍ ላይ ግማሽ ሜትር ትርፍ ተዉ የምለው።

ግድግዳ ላይ ከሆነ ራስ አትግጠሙ፣ ኪስቶን የሚባለውን ሶኬት አድርጉ። ጎኑ ላይ የቲ568ኤ እና የቲ568ቢ ቀለም ተስሏል፣ መደርደር እንኳ አያስፈልግም፣ ቀለሙን ከቀለሙ ጋር አድርጎ በመምቻው መምታት ነው። ግምዱን እስከ ጥርሱ ድረስ ጠብቁት። በካቻቢቴ አትጫኑት! ጥርሱ ይከፈታል፣ ከወር በኋላ ግንኙነቱ ይመጣል ይሄዳል ይጀምራል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ጻፉ። አሁን የትኛው የየት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በመጪው ዓመት ግን አታውቁም።

ቴስተሩ አረንጓዴ አለ፣ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል

ተራው ቴስተር ከ1 እስከ 8 በተራ ያበራል። አንዱ ካልበራ ተቆርጧል፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሽቦ ተቀያይሯል። እስከዚህ ጥሩ። የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ።

አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ሌላ ሰው የገጠመውን ኔትወርክ እንዳይ ተጠራሁ። ቴስተሩ ሁሉም ላይ ስምንቱንም ያበራል። የኬብሉን ራስ ሳየው ሠሪው ቀለሙን ለማስታወስ ቀላል አድርጎታል፤ ብርቱካናማ ጥንድ፣ አረንጓዴ ጥንድ፣ ሰማያዊ ጥንድ፣ ቡኒ ጥንድ፣ ተራ በተራ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት። ምን ችግር አለው? ችግሩ ዕቃው ጥንድ ብሎ የሚያውቀው 1ና 2ን፣ 3ና 6ን፣ 4ና 5ን፣ 7ና 8ን መሆኑ ነው። 3ና 6 አንድ ጥንድ መሆን ሲገባቸው እዚህ 3ኛው ከአረንጓዴው፣ 6ኛው ከሰማያዊው መጣ። ሽቦው ጫፍ ለጫፍ ተገናኝቷል፣ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሽቦዎች ጥንድ ተደርገዋል፣ ስለዚህ ያ ረብሻን የሚያጣፋው ግምድ የለም። እንግዶቹ አገልግሎት ሰጪውን ሲረግሙ ከርመዋል። ጥፋቱ እዚያው ቤት ነበር።

ስለዚህ ቴስተሩ ካበራ በኋላም ኬብሉን ጊጋቢት በሚችል ስዊችና ኮምፒውተር መሐል ሰኩና የግንኙነቱን ፍጥነት በኮምፒውተሩ ላይ እዩ። 1000 ካለ ደህና። 100 ካለ አንድ ነገር ጎድሏል፤ 100 ሜጋቢት በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ይሠራል፣ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል፣ እንግዲህ ሰማያዊው ወይም ቡኒው ጥንድ ላይ ነው የምትፈልጉት። ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ቅዱ፣ ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ ከሄደ ልቀቁት። ፒኦኢ ካሜራ ከሆነ ቀን ላይ አይታችሁ አትሂዱ፣ በጨርቅ ሸፍኑትና የማታ መብራቱ ሲበራ ጠብቁ።

ካልሠራ ሁለቱንም ጫፍ በአንዴ አትቁረጡ። መጀመሪያ እጃችሁ ደክሞ፣ መሰላል ላይ ቆማችሁ የገጠማችሁትን ቁረጡ። ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።